የተመሰገነው ጭቃ

የአገሬን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ መጥታችሁ ታዩታላችሁ፤ ካያችሁት ደግሞ አፋችሁ አያርፍም፣ ታመሰግኑታላችሁ። ምስጋና ምን እንዳደረሰብን አሁን ልነግራችሁ ነውና ስሙ ይቅርባችሁ። ወንዝ ከላይ ወርዶ ባሕር የሚገባበት፣ ጭቃው እስከ ጉልበት የሚውጥ፣ ሽታው እንግዳ የሚያባርር አገር ነው ካልኩ ይበቃል።

በዚያ ጭቃ ውስጥ ዛፍ ይበቅላል። ዛፍ ስላችሁ ደረቅ መሬት ላይ ተገትሮ የሚውለው ዓይነት አይምሰላችሁ። ይሄኛው ቀሚሷን ሰብስባ ጅረት እንደምትሻገር ሴት፣ ጨው ውሃ መሃል በብዙ እግሩ ቆሞ የሚኖር ነው። እኛ እግረ ብዙ እንለዋለን፤ የተማሩት ማንግሮቭ ይሉታል አሉ። ዘሩን እንደ ሌላው ዛፍ አይበትንም። ልጁን እላዩ ላይ ያበቅልና ሥር ማውጣት ሲጀምር ጭቃው ላይ ይጥለዋል፤ የወደቀውም እንደቆመ ተተክሎ ይቀራል። ባሕሩ ሲሞላ ዛፉ ማዕበሉን ይሰብርልናል። ባሕሩ ሲሸሽ ሥሩ ሥር ሸርጣን ይርመሰመሳል፣ እኛ ሴቶቹ ለቅመን እንበላለን።

ከዛፎቹ ጀርባ የኔ ጉድጓድ አለ። አማቴ ነፍሷን ይማርና እሷ ያስቆፈረችው ነው። የሠፈሩ ሰው ሁሉ የሚጠጣው ከዚያ ነው፤ ሌላ ጣፋጭ ውሃ የለንም። ወንዙ እየወረደ ባሕሩን ወደ ኋላ ስለሚገፋው ጨው ጉድጓዴ አይደርስም። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መሄድ አያስፈልግም፤ መጠማት ይበቃል።

አሁን ልማዳችንን ልንገራችሁ። በኛ አገር የሰው ነገር ያመሰገነ ሰው ነገሩን ይወስዳል። «ነጠላሽ እንዴት ያምራል» ያለሽ፣ «ይውሰዱት» ብለሽ አውልቀሽ ትሰጪዋለሽ። «በሬህ ደልቧል» ያለህ፣ ገመዱን ታስጨብጠዋለህ። ወደኋላ ማለት ነውር ነው፤ ወደኋላ ያለ ሰው ሲሞት ቀባሪ አያገኝም። አያቶቻችን ይህን ያመጡት ለምን እንደሆነ አላውቅም። የሰው ዓይን ከሰው ንብረት ላይ እንዲነሳላቸው ፈልገው ይሆናል። ከሆነም ተሳክቶላቸዋል፤ በሠፈራችን ጨዋ ሰው አያመሰግንም፣ ይሳደባል።

ምራቴ ማንጠግቦሽ በወለደች ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ፣ ልጅቷን አይቶ፣ «እማማ አንጓች፣ እንዴት ያለች ፉንጋ ናት! አፍንጫዋስ ቢሆን ምን ነካው?» አለኝ። ደስታዬን አልችለው ብዬ አለቀስኩ። አባቷን፣ ማለት ልጄን፣ ሳትወለድ ባሕር ወስዶብኛል። ከዚያ በኋላ በዚህ ዓለም ያለኝ ምራቴ፣ ጉድጓዴና ይህቺ ፉንጋ ናቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ማንጠግቦሽ ፊቷን ጭቃ ትቀባታለች፤ እንግዳ አፉን አያውቅምና። በሠፈራችን ጡት የሚጠባ ልጅ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያድገው።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው የጭስ ቀብር ሹም የመጣው።

ከላይ፣ ወንዙ ከሚነሳበት በኩል፣ ትልቁ ከተማ አለ። እቶን የሞላበት ከተማ ነው። በእቶኑ ምን እንደሚሠሩ ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ፤ የተረዳሁት ሌላ እቶን እንደሚሠሩበት ነው። ጭሱ ቢበዛባቸው፣ ቢያስላቸው፣ ልጆቻቸው ሰማይ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ቢረሱ፣ ታላቁ ጉባኤ ተቀመጠና ተማከረ። እቶን ይቀነስ ያለ አንድም ሰው አልነበረም አሉ። ጭሱ ይቀበር ያለ ግን ተገኘ። የኛ ዛፍ ጭስን በቅጠሉ ስቦ፣ በሥሩ አውርዶ፣ አየር በማያገኘው ጭቃ ውስጥ እንደሚያስቀምጠው፣ እዚያም ማንም ካልነካካው ዘመን ከዘመን ተኝቶ እንደሚኖር አንድ የተማረ ሰው ነገራቸው። ውሸት አልነገራቸውም። መጥፎነቱ እውነት እንደዚያ ዓይነት ሰዎች እጅ መግባቱ ነው።

ሹሙ ነጭ ጫማ አድርጎ፣ አፍንጫው ላይ መሃረብ ይዞ መጣ። ከኋላው ነጋሪት መቺ ይከተለዋል። የሠፈራችን ዳኛ አያ ደምለው ናቸው፤ ሲፈልጉ የሚሰሙ፣ ሳይፈልጉ የሚደነቁሩ ሽማግሌ። ወጥተው ተቀበሉት። ማንጠግቦሽ ገና ከሩቅ ስታየው አንድ እፍኝ ጭቃ ዘግና የልጅቷን ፊት ከግንባር እስከ አገጭ ለቀለቀቻት።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለ ሹሙ፣ ሕፃኗን በጣቱ እያሳየ።

«ፉንጋ ናት» አልኩት።

«እሱንስ አይቻለሁ» አለና አለፈ። እኔና ማንጠግቦሽ ትንፋሻችንን መለስን።

ሹሙ ዳር ላይ ቆሞ ጭቃውን አየ። ከዚያ መሃረቡን ከአፍንጫው አነሳ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ሽታውን ወደ ውስጥ ሳበ። «እንዴት ያለ ድንቅ ጭቃ ነው!» አለ።

ከብት ተመስግኖብናል፣ ጀልባ ተመስግኖብናል፣ አንድ ጊዜም የሰው ጢም ተመስግኖ ባለቤቱ ተላጭቶ ሰጥቷል። ጭቃ ግን ማንም አመስግኖብን አያውቅም።

«ጭቃውን ነው ያሉት፣ ጌታዬ?» አሉ አያ ደምለው።

«ጭቃውን።»

«ይሄን? የሚሸተውን?»

«በተለይ የሚሸተውን! ከነዛፉ ድንቅ ነው።»

አያ ደምለው ወደኛ ዞር ብለው ጺማቸውን አሻሹ። ሳቃቸውን እያፈኑ እንደሆነ ከትከሻቸው አውቄዋለሁ። «እንግዲያው ይውሰዱት» አሉ።

ምን ልበላችሁ፣ ያን ዕለት እንደሳቅነው ሙሉ ዕድሜዬን ስቄ አላውቅም። ምሽቱን ሁሉ፣ «በምን ሊጭነው ነው?»፣ «ሚስቱ ምን ትለዋለች?»፣ «ይመለስና የደረቀ ዓሣ እናሳየው፣ ምናልባት እሱንም ይወደው ይሆናል» እየተባባልን ጎናችንን ያዝን። እኔ ራሴ፣ «ሰው ሽታህን በገዛ ፈቃዱ ሲወስድልህ ታገኛለህ?» ብያለሁ። አዎ፣ እኔም ብያለሁ።

በማግሥቱ ነጋሪቱ ተጎሰመ። ነጋሪት መቺው ድምፁ ጎርናና ነው፤ ሁለት አዋጅ አወጀ። የመጀመሪያው እንዲህ የሚል ነበር፦ «የተመሰገነ ነገር የአመስጋኙ ነው። ይህ የባላገር ልማድ ከዛሬ ጀምሮ የአገር ሕግ ሆኗል። ሹምም ሆነ ተራ ሰው ከዚህ አያመልጥም።» ሹሙ ይህን ያሳወጀው ነገ ሐሳባችንን ብንቀይር ብሎ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ጭቃው ከዛሬ ጀምሮ የጭስ መቃብር ነው። ከጭቃው ውስጥ ጭስ ያመለጠ እንደሆነ፣ ባለጭቃው የቤቱን የጭስ ማውጫ ይድፈን» ይላል። እርስ በርሳችን ተያየን። የኛ የወጥ ቤት ጭስ በሣር ክዳኑ መሃል የሚወጣ ነው፤ ማውጫ የሚባል ነገር በሠፈሩ የለም። ሹሙ ግን ባለጭቃ ሲል እኛን ማለቱ ነበር። ጭቃ ውስጥ የሚኖርን ሰው ሌላ ምን ብሎ ይጥራ?

ከዚያ ወዲያ መቃብር አጠገብ መኖር ምን እንደሆነ አየን። ከላይ በጋሪ አልቃሾች ይመጡ ጀመር፣ ለጭሱ ሙሾ የሚያወርዱ። ደረታቸውን እየደቁ፣ «ጥቁሩ ጌታዬ፣ ተንሳፋፊው ጌታዬ» እያሉ አልቅሰው፣ ተዝካሩን በልተው ይመለሳሉ። ላይኞቹም ጭሳችን በክብር ተቀበረልን ብለው፣ ደስታቸውን ለመግለጽ ሌላ እቶን ያቀጣጥላሉ። በቀበሩ ቁጥር ጭሱን ጨመሩ። አንዷን አልቃሽ፣ «ቀባሪ በተገኘ ቁጥር ሟች መጨመር አለበት እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳት። «እማማ፣ እኔ የምከፈለው ለማልቀስ ነው» አለችኝ።

ጭቃ ላይ ከብዶ መርገጥ ተከለከለ፤ የተኛው ጭስ ይነቃል ተባለ። ሴቶቹ ሸርጣን ስንለቅም በእግር ጣታችን እንድንሄድ ታዘዝን። እኔን የሚያክል ሴት በእግር ጣት! ከክብሬም በላይ ወገቤ ነው የተነካው። አንድ የጭቃ ዘበኛም ተቀመጠብን። ጭቃው እንደልማዱ ቡልቅ ሲልና ሲሸት ዘበኛው ይደነግጥና፣ «ይሄ የማን ነው?» ብሎ ይጮኻል። እኛም አጠገባችን ማንም ቢሆን ምንም ቢያመልጠው፣ «የመንግሥት ነው» እንላለን። ምን ያድርግ? ጭቃው የመንግሥት ነው።

ይህን ሁሉ በሳቅ ቻልነው። ሳቁ ያለቀው የጥማት ሹም የመጣ ዕለት ነው።

የጥማት ሹም ቀጭን፣ ከንፈሩ የደረቀ፣ ሰው ውሃ ሲጠጣ እያየ የሚያዝን ሰው ነበር። ሥራው ማን ምን ያህል እንደሚጠጣ ማወቅ ነው። ሊመጣ ነው ሲባል አያ ደምለው ሠፈሩን ሰበሰቡና፣ «ጭቃ መስጠት አንድ ነገር ነው። ወንዙን ቢያመሰግንብን ግን ሞተናል» አሉ። ስለዚህ በመጣ ጊዜ ሁላችንም ጀርባችንን ለወንዙ ሰጥተን ተደርድረን ቆምን። ስለ ወንዙ በጠየቀን ቁጥር፣ «ያ ቦዩን ነው?»፣ «አህያ እንኳ ይጠየፈዋል» እንለዋለን። አንዷማ፣ «ወንዝ አለ እንዴ?» አለችው።

እሱ ግን ወንዙን ዘወር ብሎም አላየው። ዓይኑ ዛፎቹ ላይ ነበር። ቅጠሎቹ ላይ የጨርቅ ከረጢት አሰረ። ግንዱ ላይ ቀንድ ደግኖ ጆሮውን ለጠፈ፤ ሲጠጣ የሚሰማውን ድምፅ እያዳመጠ ነው አሉ። ዋለ፣ ሰነበተ። በመጨረሻ እንባ በዓይኑ ሞልቶ ወደኛ መጣ።

«እንዲህ ያለ ቆጣቢ አይቼ አላውቅም!» አለ። «ፀሐይ ሲከር አፉን ይዘጋል። ከጨው ውሃ ውስጥ ጣፋጩን መርጦ ይጠጣል፣ ጨውን በቅጠሉ ይተፋል። ሰርግ ላይ እንደተቀመጠች ሙሽራ፣ ቀመስ አድርጎ ያስቀምጣል!»

እውነቱን ነው፤ እግረ ብዙ አይሰክርም፣ አይስገበገብም። ለዚህ ቁጠባው በእያንዳንዱ ዛፍ ላይ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ሜዳይ ተሰቀለ። ንፋስ ሲነፍስ ጫካው የሸክላ ገበያ የፈረሰ ያህል ይንቋቋ ጀመር። ሸርጣኖቹ የወደቀውን ሜዳይ እየጎተቱ ጉድጓዳቸው ውስጥ አስገቡ፤ ከኛ ሠፈር የመንግሥት ሽልማት ያገኙት እነሱ ብቻ ናቸው።

ከዚያ የጥማት ሹም ጉሮሮውን ጠራርጎ ንግግሩን ቀጠለ። «ዛፎቹ የኛ ናቸው፤ ተመስግነዋል። ወንዙ የዛፎቹ ቀለብ ነው። ስለዚህ ወንዙም የኛ ነው። ጥቂት ለሚጠጣ ጥቂት ይበቃዋል። የተረፈው ለሚጠማው ይሰጥ።»

«የሚጠማው ማነው?» አልኩት።

«ፏፏቴው» አለ።

በታላቁ ጉባኤ ደጃፍ ለጭስ ቀባሪዎች ክብር ውሃ ወደ ላይ የሚረጭ ፏፏቴ ቆሞ ነበር፤ በዙሪያውም ሣር። ሣሩ ከጠዋት እስከ ማታ የሚጠጣ፣ ምንም የማይቀብር፣ ማንም የማይበላው ሣር ነው። ወንዛችንን ከላይ ገደቡና ወደዚያ መለሱት። ጀርባችንን ሰጥተን ቆመን የጠበቅነው ወንዝ ከጀርባችን ሄደ። ለዛፎቹም ቁጠባቸው ታይቶ፣ ድመት የምትሸናውን የምታህል ተለቀቀችላቸው።

ወንዙ ሲደክም ባሕሩ ሰማ። የሚገፋው ሲያጣ እየተንፏቀቀ ወጣ። እግረ ብዙ ጨው ይችላል፤ ጨው ብቻ ግን ማንም አይችልም። መጀመሪያ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ረገፈ። ሜዳዮቹ ዝገው ግንዱ ላይ ቀይ እንባ አወረዱ። ሸርጣኑ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። አንድ ጠዋት ደግሞ ከጉድጓዴ ቀድቼ ብጠጣ አፌ ተኮማተረ። ለማንም አልተናገርኩም። ጨው የበዛበት ወጥ በልቼ ይሆናል ብዬ ራሴን ዋሸሁት።

ማንጠግቦሽን ግን ማን ይዋሻታል? የልጅቷ ከንፈር ተሰነጣጠቀ። እናትየዋ ጨው ውሃ እየጠጣች ጡቷ ነጠፈ። አንድ ቀን ከደጅ ስገባ ጓዟን በጆንያ ጠቅልላ አገኘኋት።

«እማማ፣ አይቆጡኝ» አለች። «የአልቃሾቹ ጋሪ ሲመለስ ተሳፍሬ ወደ ላይ እወጣለሁ። እቶን ጠርጌም ቢሆን ላሳድጋት።»

«እኔስ?»

«እርስዎ ከጉድጓድዎ ተለይተው አይሄዱም። አላውቅዎትም እንዴ?»

ልጅቷን አየኋት። ጭቃው ፊቷ ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከሥሩ ያለውን ቆዳዋን እንኳ ማየት አልቻልኩም። «አልቃሾቹ ሙሾአቸውን እስኪጨርሱ ቆይ» አልኳት። እሷም እኔን ላለማስቀየም ቆየች። ጆንያውን ግን አልፈታችውም፤ በሩ ሥር እንደተቀመጠ ቀረ። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ያደናቅፈኛል።

እንደዚያ ሳለን መቃብሩ ተከፈተ። ዛፉ ሲሞት ሥሩ በሰበሰ፣ ጭቃው ደርቆ ተሰነጠቀ፤ በስንጥቁ አየር ገባ፤ ዘመን ከዘመን የተኛው ጭስ ነቃና ወጣ። እኛ በዓይናችን ጭስ አላየንም፤ ሽታ ነው የሸተተን። ላይ ግን ሰማያቸው ከቀድሞው ባሰ ጠቆረባቸው አሉ። የጭስ ቀብር ሹም ነጋሪት መቺውን አስከትሎ እየበረረ መጣ።

«ጭሱ እያመለጠ ነው!» ብሎ ጮኸ። «በሕጉ መሠረት ባለጭቃው የጭስ ማውጫውን ይድፈን!»

«ይድፈኑ እንጂ፣ ጌታዬ» አሉ አያ ደምለው።

«እናንተን ነው የምለው!»

«እኛን? እኛማ ጭቃ የለንም። ከነዛፉ ያመሰገኑት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ወይስ እኔ ጆሮዬ ከፋ?»

ሹሙ ወደ ነጋሪት መቺው ዞረ። ነጋሪት መቺው ሥራውን የሚያከብር ሰው ነው። «እኔው ነኝ የጎሰምኩት፣ ጌታዬ» አለ። «ሹምም ሆነ ተራ ሰው አያመልጥም ብያለሁ። ድምፄም ያን ቀን ጥሩ ነበር።»

አልቃሾቹ በዚያው ነበሩ፤ ሁሉን ሰምተዋል። አልቃሽ ወሬ አይቋጥርም፤ ወደ ላይ ወጥተው ለከተማው ሁሉ አወሩ። ሕጉ በነጋሪት የታወጀ ነውና የሚሽረው ጠፋ። ጭቃው የመንግሥት ነውና ታላቁ ጉባኤ የገዛ ከተማውን ማውጫ ይደፍን ጀመር፤ ከማን ይጀመር ሲባል፣ ጭቃውን ካመሰገነው ይጀመር ተባለ።

ሹሙ ዳግመኛ ሲመጣ አላወቅነውም ነበር። ፊቱ ከሰል መስሏል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ነጩ ጫማ ጠቁሯል። እሳት እያነደደ፣ ማውጫው ተደፍኖበት፣ ከሚስቱ ጋር በጭስ ውስጥ እየተፈላለጉ ነው የሚኖሩት አሉ። የጥማት ሹምን አስከትሏል፤ ፏፏቴውን እንዳይነኩበት ሊጠብቅ የመጣ ነው።

«ጭቃችሁን መልሰን እንስጣችሁ» አለ፣ እያሳለ።

«የተሰጠ አይመለስም» አሉ አያ ደምለው። «የሚያመሰግነው ሰው ከተገኘ ግን ይወስደዋል።»

ያን ጊዜ የሆነውን ብታዩ! ሹሙ ቤት ለቤት እየዞረ ምስጋና ይለምን ጀመር። «እስቲ እዩት፣ ጭቃው አያምርም?» ሲል፣ አንዱ «ያስጠላል» ይለዋል። «ሽታውስ?» ሲል፣ ሌላዋ «አማቼን ያስታውሰኛል» ትለዋለች። ሠፈራችን ስድብ የለመደ ነው፤ ለዚያ ጭቃ ግን ያለንን ሁሉ አወጣን። «ቆማጣ»፣ «እከካም»፣ «እናቱ ያልወደደችው»! ከመካከላችን ይሉኝታ ያላት አንዲት ሴት ብቻ፣ «ምናልባት ሲጨልም ደህና ይሆናል» ስትል አያ ደምለው በከዘራቸው ጎሸም አደረጓት።

የአልቃሾቹ ጋሪም ደርሶ በራፌ ላይ ቆሟል። ማንጠግቦሽ ልጇን አዝላ፣ ጆንያዋን አንስታለች።

«አስቀምጪው» አልኳት።

«እስከ መቼ፣ እማማ?»

«ያ ሰውዬ እስኪያለቅስ።»

ሹሙን ጠርቼ ወደ ጉድጓዴ ወሰድኩት። ሠፈሩም፣ ነጋሪት መቺውም፣ የጥማት ሹምም ተከተሉን። አንድ ጣሳ ቀድቼ ሰጠሁት። ጎንጨት አደረገና ፊቱን አጨማድዶ ተፋው።

«እስቲ አመስግነው፣ ውሰደው» አልኩት።

አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ተምሯል።

«ካላመሰገንከው እንግዲያ እኔ ላመስግን» አልኩና ወደ ላይ፣ ወንዙ ወደሚመጣበት አየሁ። «ወንዛችሁ እንዴት ያማረ ነው!»

የሹሙ ፊት ከነጥላሸቱ ነጣ። የጥማት ሹም ግን ከኋላ ዘለለ። «ወንዙ የዛፎቹ ቀለብ ነው! የሚመሰገን አይደለም!»

«ዛፎቹ የማን ናቸው?» አልኩት።

«የኛ!»

«ወንዙስ?»

«የ...» አለና እዚያው ላይ ቀረ። ከንፈሩ ከመቼውም ይልቅ ደረቀ።

«እንዴት ያማረ ነው!» አልኩ ደግሜ። «በተለይ ወደ ታች ሲወርድ።»

ነጋሪት መቺው ዱላውን አነሳ። ሹሙ ወደ ፏፏቴው አገር አየ፣ ወደ ተደፈነው ማውጫው አየ፣ ወደኔ አየ። እንባው በጥላሸቱ ላይ ሁለት ነጭ መንገድ አወጣ። «ይ... ይውሰዱት» አለ።

ወደ ማንጠግቦሽ ዞር ብዬ አየኋት። ጆንያውን መሬት አስቀምጣለች። ጋሪው ባዶውን ሄደ።

«ጭቃውስ?» አለ ሹሙ፣ አፍንጫውን እየጠረገ። «ጭቃውንም ያመስግኑልኝ እንጂ፣ እማማ!»

«ጉድጓዴ የጣፈጠ ዕለት አመሰግነዋለሁ።»

ከዚያ ጀምሮ ሹሙ ከኔ በላይ ለጉድጓዴ አሳቢ ሆነ። ግድቡን ሲያስፈርስ እሱ ነበር ከፊት። በየጊዜው እየመጣ አንድ ጣሳ ይጠጣል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ወንዙን «ቶሎ ቶሎ ውረድ እንጂ!» ብሎ ይቆጣል። ላይ ፏፏቴው ደረቀ፣ ሣሩ ከሰመ። ማውጫ እየተደፈነ እቶን ስለጠፋ ደግሞ ሰማይ ወጣላቸው። አንዳንዶቹ ሰማያዊነቱን አልወደዱትም አሉ፤ ያልታዘዘ ቀለም ነው ብለዋል።

የሞቱት ዛፎች አልተነሱም። እስከ ዛሬ እንደ አጥንት ቆመዋል፤ እነሱን ማንም ይውሰዳቸው ማንም አያስነሳቸውም። ወንዙ አፍ ላይ ጥቂት ተርፈው ነበርና እነሱ ልጆቻቸውን ይጥሉ ጀመር። እኛም የወደቀውን እያነሳን ባዶው ቦታ ላይ ተከልን፤ በእግር ጣታችን ሳይሆን በሙሉ እግራችን ረግጠን። ዘበኛው አይቶ እንዳላየ ሆነ። በኋላ ቀሚሱን፣ ማለት ሱሪውን ሰብስቦ እሱም ገባበት።

አንድ ጠዋት ማንጠግቦሽ ከጉድጓዴ ቀዳችና ጠጣች። ቆም አለች። ደግማ ጠጣች፣ ትንፋሿ እስኪያጥራት። «እማማ» አለች፣ «ይሄ ውሃዎ እንዴት የሚቀፍ ነው!» እኔም ቀመስኩት። ዕድሜውን ያርዝመው፣ የሚቀፍ ነበር! ከዚያ ሄዳ ጆንያውን ፈታች፣ ልብሷን መልሳ ሰቀለች። ልጅቷንም አወጣችና በአዲሱ ውሃ ከራስ ጠጉሯ እስከ ጥፍሯ አጠበቻት።

ሹሙም ያን ቀን መጣ። ጠጣ። አፉን ይዞ ራሱን ነቀነቀ። ሠፈሩ ተሰበሰበ፣ ነጋሪት መቺው ቀረበ፣ የኔ ተራ ደረሰ።

ለማመስገን ጭቃው ዳር ቆምኩ። ምስጋና ለኔ ቀላል ነገር አይደለም፤ ልጄን እንኳ አንድ ቀን ሳላመሰግነው ነው ባሕር የወሰደብኝ። ወንዙንም ያመሰገንኩት በንዴት ነበር። ይሄን ጭቃ ግን በንዴት አላመሰግነውም። የበላሁት ከዚህ ነው፣ ያሳደግኩት በዚህ ነው፣ የላይኞቹን ጥፋት ሁሉ ሳያጉረመርም የዋጠው ይሄ ነው። «እንዴት... እንዴት ደግ ጭቃ ነው» አልኩ። አያ ደምለው ፊታቸውን ወደ ባሕሩ መለሱ።

«ይውሰዱት!» አለ ሹሙ። «ይውሰዱት፣ ይውሰዱት! ሕጉንም አብረው ይውሰዱት! ጭስ ካመለጠ ማውጫችሁን ትደፍናላችሁ!»

«የለንም» አሉ አያ ደምለው።

«ምኑ?»

«ማውጫው።»

ሹሙ ግን አልሰማም፤ ደስታው ጆሮውን ደፍኖታል። የጥማት ሹምን አቀፈ፣ ነጋሪቱን ሳመ፣ በዚያ ጥቁር ጫማው ዘለለ። ሲዘል ዞረ፤ ሲዞር ማንጠግቦሽ በቤታችን ደጃፍ ቆማ ነበር። ልጅቷን ታቅፋለች። ከተወለደች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ ጭቃ የለም። በጣፋጭ ውሃ ታጥባ፣ ፀሐዩ ላይ እንደ እንቁላል ታበራለች። እኔ ራሴ በቅጡ ያየኋት ያን ዕለት ነው። ሹሙም አያት። ዓይኑ ፈጠጠ፣ እጁን ዘረጋ፣ አፉን ከፈተ።

«እንዴት ያለች ቆን...»

ነጋሪት መቺው ዱላውን አንስቷል። ማንጠግቦሽ ከቆመችበት መንቀሳቀስ አልቻለችም። እኔ ጎንበስ አልኩ። ጭቃው የኔ ነውና ማንንም አላስፈቀድኩም፤ አንድ እፍኝ፣ በተለይ ከሚሸተው፣ ዘገንኩና የተከፈተው አፉ ውስጥ ጠቀጠቅኩለት። እንዳይተፋውም አገጩን ያዝኩለት።

ዋጠው። ከአገሩ ጭስ ጥቂቷ በመጨረሻ ወደመጣችበት ገብታ ተቀበረች።